የፍልውሃ ስብራት ለመጨረሻ ጊዜ የተንቀሳቀሰው መቼ ነው?

መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሁድ ምሽት፣ አዲስ አበባ ተንቀጠቀጠች። ከዚያ በኋላ ለወራት አላረፍንም። ታኅሣሥ ላይ ንዝረቱ እየተደጋገመ መጣ። ኮንዶሚኒየም የሚኖረው ሰው በሌሊት ልጆቹን ይዞ ደረጃ ወረደ። የካቲት 7 ደግሞ ከሁሉም የበረታው፣ 6.0 የተለካው መጣ። መነሻው ከከተማዋ በስተምሥራቅ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ ነበር። ቅልጥ አለት ከመሬት በታች በስንጥቅ እየገባ ድንጋዩን ግራና ቀኝ ሲገፋው ነው ያ ሁሉ የሆነው። እዚያው አካባቢ በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል።

ያኔ በታክሲውም፣ በቢሮውም፣ በቴሌግራሙም ጥያቄው አንድ ነበር፦ "እኛ ጋ ይደርሳል?" ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ንዝረቱ ደርሶናልና። አዲስ አበባ የራሷ ስብራቶች እንዳሏት ያነሳ ሰው ግን ጥቂት ነበር። ጂኦሎጂስቶች ፎልት ይሉታል፤ አለቱ ተሰብሮ አንዱ ወገን ከሌላው አንጻር የተንሸራተተበት ቦታ ማለት ነው። ከእነዚህ አንዱ በመሀል ከተማ፣ በፍልውሃ በኩል ያልፋል። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ይህ የራሳችን ስብራት ለመጨረሻ ጊዜ የተንቀሳቀሰው መቼ ነው ብዬ ነው። ከመቶ ሺህ ዓመት በፊት ከሆነ አንድ ነገር ነው። ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት ከሆነ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። የትኛው እንደሆነ ማወቅ የምንሠራውን ሕንፃ ቦታና ጥንካሬ ይለውጣል።

ፍል ውሃው እዚያ ቦታ የፈለቀው በስብራቱ ምክንያት ነው። የዝናብ ውሃ ወደ ጥልቅ ይሰርጋል፣ እዚያ ይሞቃል፣ ከዚያ የተሰባበረውን አለት ተከትሎ ሳይቀዘቅዝ ይወጣል። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ሜዳው ላይ ሲሰፍሩ የሳባቸው ይኸው ውሃ ነው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በአንድ የመሬት ስብራት ጎን ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ በዚያው ዙሪያ ቤተ መንግሥቱ፣ ሒልተን፣ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ቆመዋል። ትንሽ ዝቅ ሲሉ ከስታዲየም እስከ ሰንጋ ተራና ሜክሲኮ የባንኮቹ ፎቆች ተደርድረዋል።

የአለቱ ዕድሜ አይበቃም

ከተማዋ የተቀመጠችው በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጫፍ ላይ ነው። በስተሰሜን ያለው የእንጦጦ አለት ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል። የወጨጫ፣ የፉሪና የየረር ተራሮች ግን ወጣት ናቸው፤ ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ወደ ቢሾፍቱና አዳማ በወረድን ቁጥር ደግሞ የእሳተ ገሞራው ድንጋይ ዕድሜ እያነሰ ይሄዳል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1979 ሞርተንና የሥራ ባልደረቦቹ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አሳይተዋል። ስምጥ ሸለቆው ሲሰፋ እሳቱም ወደ መሀሉ እየተጠጋ መጥቷል ማለት ነው።

ትልቅ ግኝት ነው። የእኛን ጥያቄ ግን አይመልስም። 5 ሚሊዮን ዓመት የሞላው ድንጋይ ትናንት ሊሰበር ይችላል። የተሰበረው ድንጋይ ዕድሜ የሚነግረን ስብራቱ ከዚያ ወዲህ መሆኑን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ ደግሞ ሚሊዮን ዓመታት ነው። በጂኦሎጂ ካርታ ላይ የተሰመረውን መስመር አይቶ "ይህ ስብራት ንቁ ነው" ወይም "ይህ የሞተ ነው" ማለት አይቻልም። መስመሩ ቦታውን እንጂ ጊዜውን አይናገርም።

"በታሪክ የተመዘገበውን እንይ" የሚል ይኖራል። እንየው። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም.፣ ዳግማዊ ምኒልክ በዙፋን ላይ ሳሉ፣ በላንጋኖ አካባቢ 6.5 አልፎ የተገመተ መንቀጥቀጥ ተነሥቶ አዲስ አበባን አንቀጥቅጧል። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ ያሉት ማጀቴና ካራ ቆሬ ክፉኛ ተጎድተዋል። በአራት ኪሎ ግቢ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። መሥራቹ ፒየር ጉዋን የተባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን ነበሩ። እኚህ ሰው ከመሣሪያ በፊት የነበረውን ዘመን ከዜና መዋዕልና ከተጓዦች ማስታወሻ እየለቀሙ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመንቀጥቀጥ ታሪክ ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1979 አሳትመዋል። ለዚህ ሥራቸው ባለ ዕዳ ነን።

ሆኖም ሁሉም ተደምሮ፣ በደንብ የምናውቀው ጊዜ ከመቶ ሃያ ዓመት እምብዛም አያልፍም። በስምጥ ሸለቆአችን ደግሞ መሬቱ የሚከፈተው በዓመት ወደ 5 ሚሊ ሜትር ነው። በመቶ ዓመት ግማሽ ሜትር። ያ ግማሽ ሜትር በብዙ ስብራቶች መካከል ይከፋፈላል፤ ከፊሉን ደግሞ እንደ ፈንታሌው ያለ የቅልጥ አለት ሰርጎ መግባት ይወስደዋል። እንዲህ ዝግ ብሎ በሚከፈት ምድር አንድ ስብራት ሺህ ዓመታት ዝም ብሎ ቆይቶ አንድ ቀን ሊነሣ ይችላል። በመቶ ሃያ ዓመት መዝገብ ውስጥ ስሙ ስለሌለ ደኅና ነው ማለት አይቻልም።

የሕንፃ ኮዳችንም ራሱ ከመዝገባችን የሚረዝም ጊዜ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ኮድ በመቶ ዓመት አንዴ የሚጠበቅን ንዝረት መሠረት ያደረገ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ወደ 475 ዓመት ከፍ አደረገው፤ ማለትም በ50 ዓመት ውስጥ የመድረስ ዕድሉ አሥር በመቶ የሆነውን ንዝረት። ማሻሻያው ትክክል ነው። ግን በ120 ዓመት መዝገብ የ475 ዓመት ንዝረት እንዴት ይገመታል? ቀሪውን የሚሞላው መሬቱ ውስጥ የተጻፈው ታሪክ ነው።

ስብራት እንዴት ዕድሜ ይወጣለታል?

መሠረቱ ቀላል ነው። ስብራቱ የቆረጠው ንብርብር ከስብራቱ ይቀድማል። ሳይቆረጥ ከላይ የተኛው ንብርብር ከስብራቱ በኋላ የመጣ ነው። የሁለቱን ዕድሜ ካወቅን፣ የመጨረሻው እንቅስቃሴ በመካከላቸው ነው።

እንበልና ሜክሲኮ አካባቢ ለአንድ ፎቅ መሠረት አሥራ አምስት ሜትር ተቆፈረ። ከታች ጠንካራ የእሳተ ገሞራ አመድ ድንጋይ አለ። ከላዩ ቀይ አፈር፣ ቀጥሎ የድሮ ወንዝ ያመጣው ጠጠር፣ ከዚያ ጥቁር አፈር፣ ከላይ ሰው የደለደለው ገረጋንቲ። ግድግዳው ላይ አንድ ስብራት አመዱንና ቀዩን አፈር ቆርጦ በአንድ ሜትር ዝቅ አድርጎታል። ጠጠሩ ግን ምንም አልሆነም። ቀዩ አፈር 40 ሺህ ዓመት፣ ጠጠሩ 12 ሺህ ዓመት ሆኖ ቢገኝ፣ ስብራቱ የተንቀሳቀሰው በእነዚህ መካከል ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የሰጠኋቸው ናቸው፤ አካሄዱ ግን በየትኛውም የዓለም ክፍል የሚሠራበት ነው።

ጥሩ ግድግዳ ከዚህም በላይ ይናገራል። መሬት በአንድ ጊዜ ሲዘቅጥ ገደል ይፈጠራል። ከገደሉ ጫፍ አፈርና ድንጋይ እየተናደ እግሩ ሥር በሽብልቅ መልክ ይከመራል። ቀጣዩ መንቀጥቀጥ ያንን ክምር ራሱን ይቆርጠዋል፤ ከዚያ አዲስ ክምር ይመጣል። ክምሮቹን በመቁጠር ስንት ጊዜ እንደተንቀሳቀሰ፣ ዕድሜያቸውን በመለካት በስንት ዓመት ልዩነት እንደሆነ ይታወቃል። ስብራት እስከ ምድር ገጽ ዘልቆ እንዲህ ደረጃ ለመሥራት ብዙውን ጊዜ ከ6 በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ ይፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክምር የአንድ ትልቅ መንቀጥቀጥ ማስረጃ ነው። እኔን በዚህ ሳይንስ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ማንም ሰው ያላየውን፣ ማንም ያልጻፈውን አንድ ቀን ከአፈር ክምር ማንበብ ይቻላል።

ንብርብሮቹን በመለካት ረገድ ኢትዮጵያ ዕድለኛ አገር ናት፤ አመድ ሞልቷታል። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በማዕድኑ ውስጥ የነበረው አርጎን ጋዝ ይወጣል፤ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል። ከዚያ በማዕድኑ ውስጥ ያለው ፖታስየም 40 ቀስ እያለ ይለወጣል፣ ከፊሉም አርጎን ይሆናል፤ ግማሹ እስኪለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይወስዳል። የተጠራቀመውን አርጎን በመለካት አመዱ መቼ እንደፈነዳ ይታወቃል። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ገብታችሁ ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኗን ስታነቡ፣ ያ ቁጥር የወጣው በሐዳር ከሚገኘው አመድ በዚሁ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በኦሞ ኪቢሽ የሰው ቅሪት ከተገኘበት ንብርብር በላይ ያለው አመድ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከሚገኘው ከሻላ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጋር በኬሚካዊ ይዘቱ ተመሳክሮ 233 ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። የልኬቱ ክፍተት ወደ ላይም ወደ ታችም 22 ሺህ ዓመት ነው። እንዲህ ያለ የታወቀ አመድ ስስ ሆኖ በአንድ የከተማ ጉድጓድ ግድግዳ ላይ ቢገኝ፣ ስብራቱ ከእሱ በታች ይቆም እንደሆነ ወይም ይቆርጠው እንደሆነ ማየት ብቻ ትልቅ መልስ ነው።

ለቅርቡ ጊዜ ሌሎች ዘዴዎች አሉ። ካርቦን 14 እስከ 50 ሺህ ዓመት ገደማ ይሄዳል። ከሰል፣ የእንጨት ስባሪ፣ አጥንት ካለ ጥሩ ነው። ሆኖም አዲስ አበባ ላይ ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው ጥቁር አፈራችን ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ የላይኛው አፈር ወደ ስንጥቁ ይወድቃል፣ በክረምት ያብጥና ይጋጠማል። በዚህ ዓይነት የትናንቱ ከሰል ከሺህ ዓመቱ አፈር ጋር ይደባለቃል። (በነገራችን ላይ፣ በየመንደሩ "መሬት ተሰነጠቀ" እየተባለ ከሚላከው ፎቶ ብዙው ይኸው የጥቁር አፈር መድረቅ ሊሆን ይችላል። መደንገጥ አያስፈልግም።) ሁለተኛው የባሕር ዛፍ ሥር ነው። ከምኒልክ ዘመን ወዲህ የተተከለው ባሕር ዛፍ ሥሩን ወደ ጥልቅ ልኳል። ያን ሥር ለይቶ ያላወቀ ሰው በአሮጌ ንብርብር ውስጥ አዲስ ዕድሜ ያገኛል።

ሌላው ዘዴ የብርሃን ልኬት ነው። የአሸዋ ቅንጣት ከተቀበረ በኋላ በዙሪያው ካለው አፈር በሚመጣ ደካማ ጨረር እንደ ባትሪ ይሞላል፤ ፀሐይ ካየ ባዶ ይሆናል። ላቦራቶሪ ውስጥ ምን ያህል እንደተሞላ ሲለካ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ፀሐይ ያየበት ጊዜ ይታወቃል። ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ ሊሄድ ይችላል። የእሳተ ገሞራ አገር አሸዋ ግን ያስቸግራል፤ በውስጡ ያለው ፌልድስፓር የተባለ ማዕድን የተጠራቀመውን ቀስ እያለ ስለሚያጣ ማስተካከያ ይጠይቃል። ናሙናውም ብርሃን እንዳያይ በተዘጋ የብረት ቱቦ መወሰድ አለበት።

ፍል ውሃ በሚያልፍበት ስብራት ደግሞ ሌላ ዕድል አለ። ውሃው በስንጥቁ ግድግዳ ላይ ካልሳይት የተባለውን የኖራ ማዕድን ጥሎ ካለፈ፣ በዩራኒየምና በቶሪየም ልኬት እስከ 500 ሺህ ዓመት ድረስ ዕድሜው ይወጣለታል። ካልሳይቱ ራሱ ተሰብሮ እንደገና ከተጠገነ፣ እያንዳንዱ ጥገና የየራሱ ጊዜ አለው።

"አርጅቷል" ማለት "ተኝቷል" ማለት ነው?

በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደ አንድ ሐሳብ አለ። የሰሜኑ ስምጥ ሸለቆ የጎን ስብራቶች ከ11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀመሩ። ካለፉት 2 ሚሊዮን ዓመታት ወዲህ ግን አብዛኛው መከፈት ወደ መሀል፣ ወንጂ የስብራት ቀበቶ ወደሚባለው ተዛወረ። የፈንታሌም የቦሰትም እሳተ ገሞራዎች ያሉት እዚያ ነው። ከዚህ ተነሥቶ በጠርዙ ያሉት፣ የእኛዎቹን ጨምሮ፣ ደክመዋል ይባላል።

በጥቅሉ እቀበለዋለሁ። የ2017ቱም መናወጥ ማዕከሉ የት እንደሆነ አሳይቷል። ግን "አብዛኛው" ማለት "ሁሉም" አይደለም። ካራ ቆሬ ያለችው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ነው፤ 1953 ላይ የተናወጠውም ጠርዙ ነው። በጥቅል ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ አንድን የተወሰነ ስብራት ከተጠያቂነት ነጻ ማውጣት አይገባም። ካሊፎርኒያ በሕጓ ባለፉት 11,700 ዓመታት ውስጥ የተንቀሳቀሰን ስብራት ንቁ ትላለች፤ በላዩ ላይ ሰው የሚኖርበት ቤት ከመሠራቱ በፊት ተቆፍሮ መመርመር አለበት። ቁጥሩን እንዳለ እንቅዳው አልልም። የእኛ ምድር የሚከፈተው ከካሊፎርኒያው በጣም ዝግ ብሎ ስለሆነ፣ ምናልባት ከዚያ የረዘመ ጊዜ ሊያስፈልገን ይችላል። ዋናው ነገር መለኪያው ዕድሜ መሆኑ ነው።

ፍርሃት መንዛትም አልፈልግም። ፍልውሃ ነገ ይሰነጠቃል የሚል ማስረጃ የለም። ለአዲስ አበባ ሰው ቀዳሚው ሥጋት ከሩቅ የሚመጣ ንዝረት ነው። ያ ንዝረት በወፍራም ጥቁር አፈር ላይ ከአለት ላይ ይልቅ ይበረታል። ብረቱ የተሰረቀ ኮለን፣ በትክክል ያልታሸ አርማታ፣ ያለ ፈቃድ የተጨመረ ፎቅ ዛሬውኑ አደገኛ ናቸው። ስብራቱን መመርመር የእነዚህን ቁጥጥር አይተካም።

የተከፈተው ግድግዳ

እንግዲህ ዋና ነገሬ እዚህ ላይ ነው። ስብራትን ለመመርመር ከሁሉ የሚከብደው መቆፈር ነው። በሌላ አገር ለዚህ ብቻ ተብሎ ቦይ ይቆፈራል፤ በከተማ መሀል ደግሞ ቦታ አይገኝም። አዲስ አበባ ግን በራሷ ገንዘብ ስትቆፈር ውላ ታድራለች። ለቤዝመንት፣ ለኮሪደር ልማት፣ ለፍሳሽ መስመር፣ ለወንዝ ዳርቻ። በቀበና፣ በባንተይከቱ ዳር አሮጌ የወንዝ ጠጠር እየተገለጠ ነው። ሦስትና አራት ቤዝመንት ያለው ጉድጓድ ጂኦሎጂስት በሕልሙ የሚያየው ግድግዳ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ክፍት ሆኖ ይቆያል። ከዚያ ብረት ይታሰራል፣ አርማታ ይሞላል፣ ያበቃል። ከመቶ ዓመት በፊት እንደገና አይከፈትም። ይህ ያሳዝነኛል፤ በእውነት ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ፍልውሃንና ሌሎቹን የታወቁ ስብራቶች በሚከተል ጠባብ ቀጠና ውስጥ፣ ከተወሰነ ጥልቀት በላይ የሚቆፈር ጉድጓድ አርማታ ከመሞላቱ በፊት ባለሙያ እንዲያየው የግንባታ ፈቃዱ ያስገድድ። በአራት ኪሎ የሳይንስ ፋኩልቲ የምድር ሳይንስ ተማሪዎች አሉ። የጂኦፊዚክስ፣ ስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩቱም እዚያው ነው። ከሜክሲኮ ጉድጓድ የሚለያቸው አንድ የሚኒባስ ጉዞ ነው። ሥራው ግድግዳውን ማጽዳት፣ በምስማርና በክር በየሜትሩ መከፋፈል፣ ፎቶ ማንሳት፣ መሳል፣ ናሙና መውሰድ ነው። ስብራት ካልታየ በአንድ ቀን ያልቃል።

ባለ ንብረቱ ምን ይላል? "ሥራዬን ያስቆሙብኛል" ብሎ ይሰጋል። ሥጋቱ እውነተኛ ነው። የብድር ወለድ አንድ ቀን አይጠብቅም። ስለዚህ ደንቡ የቀን ገደብ ይኑረው፤ በዚያ ጊዜ ባለሙያ ካልመጣ ሥራው ይቀጥል። የሚገኘው መረጃም ለቅጣት ሳይሆን ለመሠረቱ ዲዛይን ይዋል። ይህ ዓይነቱ ግዴታ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቁፋሮ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ የሚያዝ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ አለን።

ያለ አዲስ ደንብ ዛሬውኑ ሊጀመር የሚችልም አለ። ፎቅ የሚሠራ ሁሉ የአፈር ምርመራ ያስደርጋል። ጉድጓዱ ይበሳል፣ ከየጥልቀቱ የወጣው አለት በሣጥን ይደረደራል፣ ሪፖርት ይጻፋል። ሪፖርቱ ለፈቃድ ቀርቦ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ የተበሱ ሁለት ጉድጓዶች ያንኑ የአመድ ንብርብር አንዱ በ8 ሜትር፣ ሌላው በ14 ሜትር ካገኙት፣ በመካከላቸው የሆነ ነገር አለ። የድሮ ሸለቆ ሊሆን ይችላል፤ የላቫ ፍሰት ጠርዝ ሊሆን ይችላል፤ ስብራትም ሊሆን ይችላል። ከካዛንቺስ እስከ ሜክሲኮ ያሉትን ሪፖርቶች በአንድ ካርታ ላይ ማስፈር ኤክስካቫተርም ላቦራቶሪም አይፈልግም። ቀጣዩን ጉድጓድ የት ቆመን መጠበቅ እንዳለብን ይነግረናል።